ጥናት ያልጎደለበት ሐይቅ

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚመከርባቸው አዳራሾች አብዛኞቹ ጣና ሐይቅ ዳር ናቸው። መስኮታቸው ሰፊ ነው፤ ደንገሉን፣ ታንኳውን፣ ፔሊካኑን ከወንበርዎ ሳይነሱ ያያሉ። ስብሰባው ሲጀመር ግን የመጀመሪያው ሥራ መጋረጃ መዝጋት ነው፤ ፕሮጀክተር ብርሃን አይወድማ! አዳራሹ ከጨለመ በኋላ ግድግዳው ላይ የጣና ፎቶ ይበራል። ታዳሚውም ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን ሐይቅ በሥዕል እያየ ስለ ሐይቁ ይጨነቃል።

ጣና ጥናት አልጎደለበትም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለው ስፋቱ፣ ከ14 ሜትር እምብዛም የማያልፈው ጥልቀቱ፣ ደሴቶቹና ገዳማቱ ተመዝግበዋል። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች መጥተው በጣና ብቻ የሚገኙትን የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አንዱን ካንዱ ለይተው ስም አውጥተውላቸዋል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሐይቁን ከነዙሪያው የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዘገበው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራርና የምግብ ዋስትናን ብቻ የሚያጠና ተቋም አለው፤ የዓባይን ውሃ የሚያጠናም ሌላ አለው፤ የአማራ ክልልም በበኩሉ ለሐይቁ ኤጀንሲ አቋቁሟል። እንግዲህ ይህ ሁሉ አጥኚ ተሰልፎ እያለ ነው በ2004 ዓ.ም. ገደማ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በመገጭ ወንዝ አፍ አካባቢ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ የገባው።

ወርክሾፕ የራሱ ደንብ አለው። ሁለት ሰዓት ተኩል የተባለው አራት ሰዓት ይጀመራል፤ የክብር እንግዳው ሌላ ስብሰባ ላይ ናቸውና። ሲመጡም ጉዳዩ ወቅታዊና አንገብጋቢ መሆኑን አስረድተው፣ መድረኩ በይፋ መከፈቱን አብስረው፣ ወደ ሌላ ወቅታዊና አንገብጋቢ ጉዳይ ይሄዳሉ። ቀጥሎ የሻይ እረፍት ነው። ከሻይ በኋላ ለአማርኛ ተናጋሪ ታዳሚ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስላይድ በአማርኛ ይብራራል። "ሪዚሊየንስ" ላይ ሲደርስ አቅራቢው ትንሽ ያስብና "ያው ሪዚሊየንስ" ይላል። ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን።

አዳራሹ ውስጥ የታጠበ ጋቢ ለብሶ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይጠፋም። በመርሐ ግብሩ ላይ "የማኅበረሰብ ተወካይ" ይባላል። ዕድል የሚሰጠው ከምሳ በፊት፣ የምግቡ ሽታ አዳራሹን ከሞላው በኋላ ነው። "ሰዓት ስላጠረን ባጭሩ" ይባላል። እሱም ባጭሩ ይናገራል፦ "ውሃው የሚመጣብን ሌሊት ነው። ቀድሞ የሚነግረን ማነው?" መድረክ መሪው ፈገግ ብሎ "ጥሩ ነጥብ ነው፤ እንደ ግብዓት እንወስደዋለን" ይላል። ግብዓቱ ይወሰዳል። የት እንደሚወሰድ ግን ተናግሮ የሚያውቅ የለም።

የወርክሾፕ አበልን ልሰድብ አይደለም የመጣሁት። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደመወዝ ለወር አስቤዛ መድረሱን የሚምል ሰው አላገኘሁም። በዶላር የሚመጣ የምርምር ገንዘብ ደግሞ ባንክ ቤት ተቀምጦ ሲያብጥ ታየ። ስለዚህ ባለሙያው ለአበል መሰለፉ አይገርመኝም። የሚገርመኝ የመፈረሚያው ወረቀት ከጥናቱ ሪፖርት ይበልጥ በጥንቃቄ መያዙ ነው። ሪፖርት ቢጠፋ ሌላ ይጻፋል፤ የፊርማው ወረቀት ከጠፋ ግን ኦዲተር ይመጣል።

አሁን ወደ ፎገራ እንሻገር። ሜዳው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ተዘርግቷል። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ በኩል ደለል ተሸክመው ይወርዳሉ፤ በክረምቱ ማብቂያ ሐይቁም ሞልቶ ከፊት ይጠብቃቸዋል፤ ውሃው መሄጃ ሲያጣ በሜዳው ላይ ይተኛል። በ1998ም በ2012ም ክረምት ሰውን ከነከብቱ ከቤቱ ያስወጣው ይህ ነው። ገበሬው ዝም ብሎ አልተመለከተም። በደርግ ጊዜ ከሰሜን ኮሪያ የመጣ የሩዝ ዘር ነበር፤ ዛሬ "ኤክስ ጅግና" የሚባለው። ጤፍ የሚበሰብስበትን ረግረግ የሩዝ ማሳ አደረገበት። ያን ጊዜ ስለ አየር ንብረት መላመድ የሚያወራ ፕሮጀክት አገር ውስጥ አልነበረም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ቶሎ የተላመደው።

ይህ ሜዳ የመጠይቅ ማሳም ነው። ወጣቱ መረጃ ሰብሳቢ ታብሌቱን ይዞ ይመጣል፣ ዋርካ ሥር ይቀመጣል፣ ሽማግሌውን ይጠይቃል።

"አባባ፣ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የአየር ንብረቱ ተለውጧል ብለው ያስባሉ? አንድ፣ በጣም እስማማለሁ። ሁለት፣ እስማማለሁ። ሦስት..."

"አንድ በለው ልጄ። ያለፈውም ጊዜ አንድ ነው ያልሁት።"

"ከዚህ በፊት ተጠይቀዋል እንዴ?"

"እንዳንተው ያለ ልጅ ነው የጠየቀኝ። እሱ ወረቀት ይዞ ነበር፤ አንተ መስታወት ይዘሃል።"

"እሺ፤ ጎርፍ ሲመጣ የሚጠቀሙበት የመከላከያ ዘዴ ምንድን ነው?"

"ሩጫ።"

"ሩጫ የሚል ምርጫ የለም አባባ።"

"'ሌላ' የሚለው ላይ ጻፈዋ!"

ሽማግሌው መጠይቁን ከጠያቂው የተሻለ ያውቁታል። ማወቃቸውም አይገርምም፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት በወረታ በኩል አድርጎ በሜዳው ላይ ያልፋል። የጥናቱ ዘዴ ምዕራፍ ላይ "አባወራዎቹ በዕጣ ተመርጠዋል" ተብሎ ይጻፋል፤ ዕጣው ግን ሁልጊዜ መኪና ከሚቆምበት አይርቅም። ከአስፋልቱ ርቆ፣ ወደ ሐይቁ አፍንጫ ተጠግቶ የሚኖረው፣ ውሃው መጀመሪያ የሚደርስበት ሰው ዕጣ ሳይወጣለት ያረጃል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገብቶ ያ የአስፋልት ዳር ጥናትም ቀርቷል። መንገዱ ሲዘጋ ጥናቱ በስልክ ይሁን ተባለ፤ ኔትወርኩም ተቆረጠ። የጥናት ሪፖርቶች ይህን ሁሉ "የጥናቱ ውስንነት" በሚል ርዕስ በሁለት መስመር ያልፉታል።

ገንዘቡስ ከየት መጥቶ የት ይደርሳል? ይህንንም ያጠና አለ። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2020 ለአየር ንብረት ምርምር በዓለም ላይ ከወጣው ገንዘብ አፍሪካን ለማጥናት የዋለው 3.8 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያችም ቁራሽ ላይ 78 በመቶው የገባው አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ላሉ ተቋማት ነው፤ የአፍሪካ ተቋማት ያገኙት 14.5 በመቶ ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሲሆን፣ ዋና ጸሐፊው ኦስሎ ያለ ተቋም የሚሠሩ ኖርዌያዊ ናቸው። ገንዘቡ ወደ እኛ አለመድረሱን እንኳ ያወቅነው ከኖርዌይ በመጣ ጥናት ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ ፈረንጅን መውቀስ ይጀምራል። ቀላል ስለሆነ ልተወው። ባሕር ዳር ላይ ከፈረንጅ ጋር ተሠርቶ የቆመ ነገር አለ። ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር የተከፈተው የተፋሰስና የሃይድሮሎጂ ማስተርስ ብዙ ልጆችን አሜሪካ ሳይልክ እዚሁ አስተምሯል። እኔን የሚያሳስበኝ የገንዘቡ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ ሲታይ እኛ የምንሆነው ነገር ነው።

የገንዘብ ጥሪ ሲወጣ (በእኛ አነጋገር "ኮል ሲወጣ") ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የሚመጣውን ለውጥ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ትናንት የደን መራቆት ያጠና የነበረው ሰው ዛሬ የካርበን ሰው ነው። ጥሪው ስለ ሥርዓተ ጾታ ሲሆን የዝናብ ልኬታው ሥርዓተ ጾታ ይገባበታል፤ ስለ ግጭት ሲሆን እምቦጩ ራሱ የግጭት መንስኤ ይሆናል። ርዕሱ ይቀየራል፣ ሐይቁ ያው ነው፣ የሚጠየቁት ሽማግሌም ያው ናቸው። አንድ ወዳጄ ፕሮፖዛሉን ጽፎ ሲጨርስ ከስሙ በቀር ሳይቀይረው የቀረ ነገር አልነበረም፤ ያንንም የላቲን ፊደሉን በፈረንጅኛ አጻጻፍ አሳምሮታል።

እምቦጭ ለዚህ ዓይነቱ ሰው ሲሳይ ነበር። መጤው አረም ስንት ሄክታር እንደሸፈነ ጠይቁ፤ እንደተጠያቂው መልሱ ይለያያል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። አረሙ ከክረምት በኋላ ይንሰራፋል፣ በበጋ ይሸሻል፣ ነፋስ ከዳር ዳር ይነዳዋል፤ በጥቅምት የለካና በግንቦት የለካ አንድ ቁጥር ሊያመጡ አይችሉም። ፕሮፖዛል ውስጥ የሚገባው ግን የጥቅምቱ ነው። ለማጥፋቱ ሥራ ዳያስፖራው አዋጥቶ ማሽን ላከ፤ የአገር ውስጥ ባለሙያም ማሽን ሠራ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ታወጀ። በመጨረሻ ከሁሉ ይበልጥ አረም ያወጣው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ የገባው ገበሬ ነው። የተነቀለው ዳር ላይ ተከምሮ ቆየ፤ ጥቂቱም በቀጣዩ ክረምት ወደ ቤቱ ተመለሰ። የአረሙ ጥናት ግን አልተቋረጠም። እንዲያውም ሐይቁ ዳር የሰማሁት ቀልድ "እምቦጭ ቢጠፋ ስንት ሰው ሥራ ይፈታል" የሚል ነው። ቀልዱን የነገረኝ ራሱ እምቦጭ አጥንቶ የተመረቀ ነው።

ሌላ ልማድም አለን፤ ሁሉን በአየር ንብረት ማላከክ። ከተማው ውስጥ ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ሐይቅ ሲሆን "የአየር ንብረት ለውጥ ነው" እንላለን፤ ቦዩ ውስጥ የተወተፈው የውሃ ፕላስቲክ ከየትኛው ስብሰባ እንደወጣ ሳንጠይቅ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2003 እጅግ ወርዶ ጀልባ ማንቀሳቀስ ባስቸገረ ጊዜም ብዙው ሰው ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። ዝናቡ ማነሱ እውነት ነው። ግን በጨረጨራ በኩል ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃም የራሱ ድርሻ ነበረው። ይህን ያወቅነው በምን ይመስላችኋል? በወርክሾፕ አይደለም። ባሕር ዳር ላይ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የሐይቁ ከፍታ ይመዘገብ ስለነበር ነው። ውሃው ውስጥ የተተከለ ቁጥር ያለበት እንጨት ወይም ብረት አለ፤ ጠዋት ማታ ሄዶ የሚያነብ ሰው አለ፤ መዝገብ አለ። ያ ሰው ባነር የለውም። የክብር እንግዳ ሊከፍትለት አይመጣም። የሚከፈለው በወርክሾፕ የቀን አበል ፊት የሚያሳፍር ነው። ነገር ግን ስለ ጣና የሚጻፍ የውሃ ጥናት ሁሉ፣ የፈረንጁም የእኛም፣ እሱ በጻፋት ቁጥር ላይ ይቆማል።

ይህን ሥራ ገበሬ እንደማይችለው የሚነግሩን አሉ። ዳንግላ ሄደው ይዩ። ዳንግሽታ ቀበሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲና ከአጋሮቹ ጋር ገበሬዎች ዝናብ፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውሃ ለክተዋል። ልኬታቸው ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር ሲተያይ አላሳፈራቸውም። ይህም በውጭ ገንዘብ የተሠራ ነው፤ ልዩነቱ ገበሬውን ጠይቆ ከመሄድ ይልቅ መለኪያውን እጁ ላይ ማስቀመጡ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም፤ ምናልባት ብዙ ሰው ያልወደደው ለዚሁ ይሆናል።

የውጭ ፕሮጀክት ሰነድ ሁሉ መጨረሻው አካባቢ "ዘላቂነት" የሚል ርዕስ አለው። ሥሩ የሚጻፈውን እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ፦ ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ማኅበረሰቡና የመንግሥት መዋቅሩ ባለቤትነቱን ይረከባሉ። ከአንዱ ሰነድ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ስንት ዓመት ኖረ። በጥር 2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ አንድ ፊርማ ተፈረመና ይህ አንቀጽ በአንድ ጀምበር ለፈተና ቀረበ። የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ሥራ ቆመ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ። ማኅበረሰቡ የተረከበው ነገር ቢኖር ባዶ ቢሮና ግድግዳ ላይ የቀረ ባነር ነው።

ከሁሉ ያስተዛዘበኝ ግን ፊውስኔት ነው። ይህ የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ገንዘብ ሲቋቋም መነሻው የእኛው የ1977 ረሃብ ነበር። በኛ ረሃብ ምክንያት የተወለደው፣ የኛን ዝናብና የገበያ ዋጋ እየተከታተለ "ተጠንቀቁ" ሲለን የኖረው ሥርዓት፣ ድረ ገጹ በጥር 2017 ድርግም አለ። ወራት ቆይቶ ተመልሷል፤ እሰየው። ግን አርባ ዓመት ሙሉ የራሳችንን ሆድ መራብ አለመራብ ከዋሽንግተን ስንሰማ መኖራችን ያን ሰሞን ነው የታየን። በዚያው አርባ ዓመት እኛ ምን ሠራን ካላችሁ፣ መሥሪያ ቤቱን ስም ስናወጣለት ቆየን። እርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር፤ አደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ፤ ኤጀንሲ ሆነ፤ አሁን የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። ታፔላ ጻፊ በዚህ አገር ስጋት የለበትም።

የራሳችን ኪስስ? እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ቢያንስ 1.5 በመቶው በየዓመቱ ለምርምርና ለሥርጸት ይውላል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የዋለው 0.27 በመቶ ሆኖ ተመዘገበ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ሰምተናል፤ የራሳችንን ወርቅ ግን ለአዳራሽ ኪራይ እንጂ ለመለኪያው እንጨት ማውጣት አልሆነልንም።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ወሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ 32ኛው፣ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ ሀብታሞቹ አገሮች በ2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እንሰጣለን ብለው ነበር፤ የሞላው በ2022 ነው ተባለ። ባኩ ላይ በተካሄደው ጉባኤ ደግሞ በ2035 በዓመት 300 ቢሊዮን እናደርሳለን ብለዋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ! እኛ ግን ከአሁኑ ኮሚቴ ማቋቋማችን አይቀርም፤ ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ይወልዳል፤ ንዑስ ኮሚቴውም ለቅድመ ዝግጅት ባሕር ዳር ይመጣል። ዓሣው ይጠበሳል፣ የዘጌ ቡና ይፈላል፣ የጀልባ ሽርሽር በመርሐ ግብሩ ላይ "የመስክ ምልከታ" ተብሎ ይያዛል።

ይምጡ፤ ባሕር ዳር እንግዳ ትወዳለች። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። የዚያን ስብሰባ በጀት የምትሠሩ ወዳጆቼ፣ ከሁለቱ የሻይ እረፍቶች አንዱን ሰርዙና ገንዘቡን በርብና በጉማራ ላይ ውሃ ለሚያነብ ሰው ደመወዝ፣ ለአንድ ስልክና ለካርድ አድርጉት። በውጭ ፕሮጀክት ሳይሆን በመንግሥት ቋሚ በጀት ላይ ይመዝገብ። ውሃው ሌሊት ሲነሳ ወደ ታች ይደውል። ለባነሩ አትጨነቁ፤ ያለፈው ዓመቱ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደልዛችሁ ስቀሉት፤ ርዕሱ እንደሆነ አልተቀየረም።